ዝናብ የሚለካው መሣሪያ ጎርፉን የሚቀድመው መቼ ነው?

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለእሑድ አጥቢያ፣ የድሬዳዋ ነዋሪዎች በተኙበት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖችም ቤት ንብረታቸውን አጥተው ተፈናቅለዋል። ደቻቱ ከዚራንና መጋላን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ፣ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታይ ወንዝ ነው። ለጎርፉ መንስዔ የሆነው ከባድ ዝናብ በዋነኛነት የወረደውም ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ከተማ ላይ ሳይሆን፣ ከፍታቸው ከ2 ሺህ ሜትር በሚበልጠው የሐረርጌ ደጋማ ቦታዎች ላይ ነበር።

ይህ እውነታ ዛሬም ቢሆን በጥሞና ሊጤን ይገባዋል። ዝናቡ ደጋው ላይ ከወረደበት ሰዓት ጀምሮ ውኃው ከተማዪቱ እስከደረሰበት ጊዜ ድረስ ያለው ክፍተት አጭር ቢሆንም ባዶ አልነበረም። በዚያ ክፍተት መጠቀም የሚቻለው ግን ሦስት ነገሮች በአንድ መስመር ሲገናኙ ብቻ ነው። እነርሱም ዝናቡን በሚዘንብበት ቅጽበት ለክቶ የሚያሳውቅ መሣሪያ፣ መልእክቱን በሌሊትና በዕረፍት ቀንም ቢሆን የሚቀበል ባለሙያ፣ እንዲሁም ሕዝቡን ከወንዝ ዳር እንዲነሣ የማዘዝ ሥልጣን ያለው ኃላፊ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የመጀመሪያውን ለማግኘት የሚያስችለው ቴክኖሎጂ በእጅጉ ተስፋፍቷል። ሰው በማይደርስባቸው ቦታዎች ተተክለው የዝናብን፣ የሙቀትን፣ የነፋስንና የወንዝ ከፍታን መጠን በራሳቸው እየለኩ የሚመዘግቡና ወደ ማዕከል የሚልኩ መሣሪያዎች በአገራችንም በየአካባቢው ተተክለዋል። ሆኖም መሣሪያ መትከልና ሕዝብን ማስጠንቀቅ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው በአንድ ጊዜ ግዥ ይጠናቀቃል፤ ሁለተኛው ግን በየቀኑ የሚሠራና በየዓመቱ በጀት የሚጠይቅ መደበኛ የመንግሥት ሥራ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ማሳየት ነው።

ከታዛቢው መዝገብ ወደ አውቶማቲክ መሣሪያ

ብሔራዊው የሜትዮሮሎጂ አገልግሎት ራሱን ችሎ በአዋጅ የተቋቋመው በ1973 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአሁኑ ጊዜ የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት በሚል ስያሜ ይታወቃል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የመረጃው ምሰሶ ሆነው የቆዩት በየጣቢያው የሚመደቡት ታዛቢዎች ናቸው። ዝናብ ብቻ በሚለካባቸው ጣቢያዎች ታዛቢው በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በመለኪያው ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ ለክቶ በቅጽ ላይ ያሰፍራል። በወንዞች ላይም እንዲሁ በውኃው ዳር በቆመ ባለልኬት ሰሌዳ አማካይነት የውኃው ከፍታ በአብዛኛው ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ይነበባል።

ይህ አሠራር ከፍተኛ ውለታ የዋለ ነው። ስለ አገራችን የዝናብ ወቅቶች መለዋወጥ፣ ስለ ድርቅ ዓመታት፣ ስለ ግድቦችና ድልድዮች ንድፍ ዛሬ በእጃችን የሚገኘው ዕውቀት በአብዛኛው ከእነዚህ ቅጾች የተገኘ ነው። ይሁን እንጂ ለድንገተኛ አደጋ ማስጠንቀቂያ ሲታሰብ ሁለት መሠረታዊ ውስንነቶች አሉበት።

የመጀመሪያው፣ ንባቡ የአንድ ቀን ድምር ብቻ መሆኑ ነው። በአንድ ጣቢያ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተመዘገበ ቢባል፣ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ በዝግታ የዘነበ ይሁን ወይም በአንድ ሰዓት ውስጥ የወረደ፣ ቅጹ አይናገርም። ለገበሬው ማሳና ለደራሽ ጎርፍ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ተፋሰስ ላይ ሲወርድ 5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይሆናል። ይህ ውኃ በአንድ ቀን ሲሠራጭ መሬቱ አብዛኛውን ሊመጠው ይችላል፤ በአንድ ሰዓት ሲወርድ ግን ተዳፋቱን ይዞ ይነጉዳል።

ሁለተኛው ውስንነት የጊዜ ነው። ምሽት 3 ሰዓት ላይ የጀመረ ከባድ ዝናብ በታዛቢው ቅጽ ላይ የሚሰፍረው በማግሥቱ ጠዋት ነው። ቅጹ ወደ ማዕከል የሚደርሰውም ከዚያ በኋላ ነው። በሁለት ንባቦች መካከል ሞልቶ የጎደለ ወንዝ ደግሞ በመዝገቡ ላይ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ መረጃው የሚደርሰው ለታሪክ እንጂ ለማስጠንቀቂያ አይሆንም።

አውቶማቲክ ጣቢያዎች ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚችሉ ናቸው። አንድ ጣቢያ በጥቅሉ አራት ክፍሎች አሉት። መለኪያዎቹ ወይም ሴንሰሮቹ አካባቢውን ይለካሉ፤ በተለምዶ ዳታ ሎገር የሚባለው መዝጋቢ ልኬቱን ከነሰዓቱ ያከማቻል፤ ማስተላለፊያው በሞባይል ስልክ መረብ ወይም በሳተላይት መረጃውን ይልካል፤ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሰሌዳና ባትሪ ደግሞ ኃይል ይሰጣሉ። በስፋት አገልግሎት ላይ የሚውለው የዝናብ መለኪያ በውስጡ ሁለት ትንንሽ ጽዋዎች ያሉት ሲሆን፣ አንዱ ጽዋ በተወሰነ መጠን፣ ለምሳሌ በ0.2 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ ሲሞላ ተገልብጦ ለሌላው ቦታ ይለቃል። መዝጋቢው እያንዳንዱን መገልበጥ ይቆጥራል። በዚህ ስሌት 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 250 መገልበጥ ማለት ነው። ይህ ቁጥር በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተመዘገበ አደጋው ገና ዝናቡ ሳያባራ ይታወቃል። በየ15 ደቂቃው የሚለካ የወንዝ ከፍታ መሣሪያም በቀን 96 ንባቦችን ይሰጣል፤ በሰው የሚነበበው ሰሌዳ ግን 2 ብቻ ነው።

ሳተላይት እያለ መሬት ላይ መለካት ለምን አስፈለገ?

በስብሰባዎች ላይ በተደጋጋሚ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ሳተላይቶች መላውን አገር በየጊዜው የሚቃኙ ከሆነ፣ ኢትዮጵያም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ያመጠቀች ከሆነ፣ በየተራራው መሣሪያ መትከል ለምን አስፈለገ የሚል ነው።

መልሱ ሁለቱ ተደጋጋፊ እንጂ ተተኪ አይደሉም የሚል ነው። በብርሃን የሚሠሩ የምልከታ ሳተላይቶች በደመና ውስጥ ማየት አይችሉም፤ ጎርፍ የሚበዛበት ክረምት ደግሞ ደመና የሚበዛበት ወቅት ነው። ዝናብን ለመገመት የሚያገለግሉት የሜትዮሮሎጂ ሳተላይቶችም በአብዛኛው ዝናቡን በቀጥታ አይለኩም፤ የደመናውን የላይኛውን ክፍል ቅዝቃዜ ተመልክተው ይገምታሉ። ተራራ ለተራራ በሚወርድ ዝናብ ላይ ይህ ግምት ሊሳሳት ይችላል። ግምቱን የሚያርመው መሬት ላይ የተለካ መረጃ ነው። የአገራችን የሜትዮሮሎጂ ተቋም ከውጭ የምርምር ተቋማት ጋር በመተባበር የጣቢያዎችን መዝገብና የሳተላይት ግምትን አጣምሮ ጣቢያ ለሌላቸው ቦታዎች ጭምር የዝናብ መረጃ ያዘጋጀበት ሥራ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ለዚህ ሥራ መሠረት የሆነው ግን ታዛቢዎች ለዓመታት በትዕግሥት የሞሉት ቅጽ ነበር።

በዓለም አቀፍ ደረጃም አስተሳሰቡ ተመሳሳይ ነው። የዓለም ሜትዮሮሎጂ ድርጅት አባላት የተስማሙበትና ከጃንዋሪ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው መሠረታዊ የምልከታ መረብ፣ አገሮች ቢያንስ በየ200 ኪሎ ሜትሩ በየሰዓቱ መረጃ የሚለዋወጥ የመሬት ጣቢያ እንዲኖራቸው ይጠይቃል። 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ለሚሰፋ አገር ይህ በስሌት ሲታይ ወደ 30 የሚጠጉ ጣቢያዎች ማለት ነው። ቁጥሩ የበዛ አይደለም። ከባዱ ነገር በየሰዓቱ የሚለው ቃል ነው። በዓመት 8 ሺህ 760 ሰዓታት አሉ፤ መስፈርቱ የሚለካውም በተተከለው ጣቢያ ብዛት ሳይሆን በደረሰው መልእክት ብዛት ነው። ለዓለም ትንበያ የሚበቃው ይህ መረብ ለአንድ ደረቅ ወንዝ ጎርፍ ማስጠንቀቂያ ደግሞ በእጅጉ የሳሳ በመሆኑ፣ አደጋ በሚያሰጋቸው ተፋሰሶች ተጨማሪ መለኪያዎች ያስፈልጋሉ።

ፈጣን ወንዝና ዘገምተኛ ወንዝ

መሣሪያ የት ይተከል፣ በምን ያህል ጊዜ ልዩነት ይለካ የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከመሣሪያው መመሪያ ሳይሆን ከወንዙ ባሕርይ ነው። በዚያው በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሱት አደጋዎች ይህን በግልጽ ያሳያሉ።

በድሬዳዋ የነበረው ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ነበር። በአንጻሩ በነሐሴ ወር በደቡብ ኦሞ የደረሰውና በወቅቱ በወጣው ይፋ መግለጫ 364 ሰዎች የሞቱበት ጎርፍ የመጣው ከመነሻው እስከ ቱርካና ሐይቅ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በሚጓዘው የኦሞ ወንዝ ነው። እንዲህ ባለ ረጅም ወንዝ ላይ በላይኛው ተፋሰስ የታየ የውኃ ጭማሪ ወደ ታችኛው ሜዳ ለመድረስ ሰፊ ጊዜ ይወስዳል። በጣና ዙሪያም በፎገራና በሊቦ ከምከም የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ፣ አደጋው የወንዞቹና የሐይቁ ከፍታ ድምር ውጤት ነበር።

ከዚህ አንጻር ለደቻቱ ዓይነት ወንዝ የሚያስፈልገው በተፋሰሱ አናት ላይ የሚተከልና በየደቂቃው የዝናብን ጥንካሬ የሚከታተል መለኪያ ነው። የወንዙን ከፍታ ከተማው ድልድይ ላይ መለካት ለጥናት ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለማስጠንቀቂያ ረፍዷል። ለኦሞ ዓይነት ወንዝ ደግሞ በተለያዩ ርቀቶች የሚተከሉ የከፍታ መለኪያዎች አስተማማኝ ናቸው። ወንዙ ላይ ግልገል ጊቤ 3 በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከዝናቡ መረጃ በተጨማሪ ከግድቡ የሚለቀቀው ውኃ መጠን ለታችኛው ተፋሰስ አስተዳደር በወቅቱ መድረሱም የማስጠንቀቂያው አካል ሆኗል። ለሐይቅ ዳር ሜዳ የሐይቁ ከፍታ አብሮ መታየት አለበት። ለሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት መሣሪያ በአንድ ጨረታ ገዝቶ ማከፋፈል ለግዥ አሠራር ቀላል ቢሆንም፣ የተፋሰሶቹን ልዩነት ያላገናዘበ በመሆኑ ገንዘብን ከማባከን አይድንም።

ዝም ያለ መሣሪያና የሚያሳስት መሣሪያ

አውቶማቲክ የሚለው ስያሜ ራሱ የሚያዘናጋ ነው። መሣሪያው ያለ ሰው የሚሠራ ስለሚመስል ከተተከለ በኋላ ጠያቂ ያጣል። ነገር ግን የዝናብ መለኪያው አፍ በአቧራ፣ በቅጠልና በወፎች ኩስ ይደፈናል፤ በውስጡ ሸረሪት ድሯን ታደራለች። በፀሐይ ሰሌዳው ላይ የሚነሰነስ አቧራ የኃይል ምንጩን ያዳክማል፤ ባትሪው በጥቂት ዓመታት ያረጃል። ሲተከል ገላጣ የነበረው ቦታ ላይ ዛፍ ይበቅላል ወይም ቤት ይሠራል። ወንዝ ውስጥ የተቀበረ መለኪያ በደለል ይሸፈናል፤ ወይም ሊለካው የተተከለለት ጎርፍ ራሱ ይዞት ይሄዳል። ሽቦና ባትሪ ይሰረቃል። ሁሉም ደኅና ሆኖ ሳለ የሲም ካርዱ ሒሳብ ባለመከፈሉ ብቻ መረጃው ሊቋረጥ ይችላል።

ከእነዚህ ብልሽቶች መካከል አንዳንዶቹ ከሌሎቹ የከፋ አደጋ አላቸው። ባትሪው የሞተ ጣቢያ ዝም ይላል፤ ዝምታው ስለሚታይም ባለሙያ ይላክለታል። አፉ የተደፈነ የዝናብ መለኪያ ግን ዝም አይልም። ሎገሩ፣ ማስተላለፊያውና ባትሪው ጤነኛ ስለሆኑ በየ15 ደቂቃው «ዜሮ» እያለ ይልካል። ማዕከሉ የተቀመጠ ባለሙያም አካባቢው ደረቅ ነው ብሎ ያምናል። የለም የሚለውና አልዘነበም የሚለው መልእክት መለየት ካልቻሉ መሣሪያው ከመጥቀም አልፎ የሚጎዳ ይሆናል። ለዚህም ነው ዝናብ ዘወትር በሚጥልበት ክረምት ለቀናት ዜሮ ያስመዘገበ ጣቢያ ከጎረቤት ጣቢያዎችና ከሳተላይት ግምት ጋር ወዲያውኑ መመሳከር ያለበት።

ሌላው በአገራችን ልዩ ትኩረት የሚሻው የሰዓት ጉዳይ ነው። ከውጭ የሚመጡ መዝጋቢዎች በአብዛኛው በግሪንዊች ሰዓት ተሞልተው ይመጣሉ። የእኛ ታዛቢ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብሎ የሚጽፈው በምዕራባውያኑ አቆጣጠር የአገሪቱ 9 ሰዓት፣ በግሪንዊች ደግሞ 6 ሰዓት ነው። አንዱ መዝገብ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ሰዓት ተጽፎ ሳለ በጥንቃቄ ሳይስተካከል ቢቀላቀል ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ ቆላ ላይ ከደረሰው ጎርፍ በኋላ የመጣ መስሎ ሊታይ ይችላል። የታዛቢው ቀን ከጠዋት 3 ሰዓት እስከ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን የሎገሩ ቀን ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ሊሆን ስለሚችል፣ አንድ ዝናብ በሁለት የተለያዩ ቀናት ተመዝግቦ ይገኛል። የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት ሲታከልበት ስሕተቱ ይበልጥ ይወሳሰባል። በመሆኑም እያንዳንዱ መረጃ በየትኛው ሰዓትና አቆጣጠር እንደተመዘገበ አብሮ መጻፍ እንደ ትንሽ ጉዳይ ሊታይ አይገባም።

እነዚህ ችግሮች አንድ ሐቅ ያስገነዝባሉ። አውቶማቲክ መሣሪያ ታዛቢውን ሥራ አያስፈታውም፤ የሥራውን ዓይነት ይለውጠዋል። የአየር ንብረት ምልከታ መርሆዎችም አዲሱና ነባሩ መለኪያ ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን እንዲሠሩ ያዝዛሉ። ትላንት ውኃ ይለካ የነበረው ታዛቢ ዛሬ መለኪያውን የሚያጸዳ፣ ሣሩን የሚያጭድ፣ የሎገሩን ንባብ ከእጅ መለኪያው ጋር የሚያመሳክርና ብልሽት ሲያይ የሚደውል ጠባቂ ሊሆን ይችላል። አካባቢውን የሚያውቅና ጎረቤቶቹ የሚያምኑት ሰው ከማንኛውም አጥር የተሻለ ጥበቃ ነው።

የካፒታል በጀትና የመደበኛ በጀት ጉዳይ

ለመሣሪያ መጓደል የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት የአቅም ማነስ ነው። ጉዳዩ በጥልቀት ሲታይ ግን ከአቅም ይልቅ የበጀት አርዕስት ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። የጣቢያ ግዥና ተከላ የሚከናወነው በካፒታል በጀት ወይም በፕሮጀክት ገንዘብ ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ርክክብ ይደረጋል፣ ሪፖርት ይጻፋል። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልጉት ባትሪ፣ መለዋወጫ ሴንሰር፣ የስልክ አገልግሎት ክፍያ፣ ለጥገና የሚወጣ ባለሙያ የውሎ አበልና የተሽከርካሪ ነዳጅ ግን የመደበኛ በጀት ወጪዎች ናቸው። በጀት ሲጠብም መጀመሪያ የሚቀነሱት እነዚሁ ናቸው። ውጤቱም በዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ላይ የተተከሉ ጣቢያዎች ቁጥር ሲጨምር፣ መረጃ የሚልኩት ግን አብሮ የማይጨምርበት ሁኔታ መፈጠሩ ነው።

የመፍትሔው መጀመሪያ መለኪያውን መለወጥ ነው። «ስንት ጣቢያ ተተከለ?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ባለፈው ወር ከሚጠበቀው ንባብ ምን ያህሉ ደረሰ? ከደረሰውስ ምን ያህሉ ትክክለኛነቱ ተረጋገጠ?» የሚሉት ጥያቄዎች በሪፖርት ቅጽ ላይ ሊሰፍሩ ይገባል። የጥገና ወጪው የማይታወቅለት ጣቢያ ባይተከል ይመረጣል፤ በ10 ጣቢያዎች የተሟላ መረጃ በ30 ጣቢያዎች ከሚገኝ የተቆራረጠ መረጃ ይበልጣልና።

የባለቤትነት ጉዳይም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በቅርቡ የታዩ ሁለት ክስተቶች ለዚህ ትምህርት ይሰጣሉ። በ1977 ዓ.ም. በአገራችን የደረሰውን ረሃብ ተከትሎ በአሜሪካ መንግሥት የተቋቋመው የረሃብ ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መረብ፣ በጥር 2017 ዓ.ም. የውጭ ዕርዳታ ሲታገድ ሥራው ተቋርጦ ድረ ገጹ ተዘግቶ ነበር፤ ዳግም ሥራ የጀመረው ከወራት በኋላ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች በሚገኙ የአሜሪካ ኤምባሲዎች የተተከሉ የአየር ብክለት መለኪያዎች በየሰዓቱ ለሕዝብ ያሰራጩት የነበረው መረጃ እንዲቆም ተደርጓል። ሁለቱም ውሳኔዎች የተላለፉት በሌላ አገር፣ በሌላ ምክንያት ነው። የውጭ ትብብር ጠቃሚ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ነገር ግን ለሕዝብ ደኅንነት ወሳኝ የሆነ መረጃ ምንጭ ሌሎች ሲፈልጉ የሚዘጉት ቧንቧ መሆን የለበትም። በፕሮጀክት በሚተከሉ መሣሪያዎችም ላይ የመረጃው ባለቤት ማን እንደሆነ፣ የመግቢያ ቁልፍ ቃሉ በማን እጅ እንደሚቆይ፣ መለዋወጫው ከአንድ አቅራቢ ብቻ የሚገኝ ስለመሆን አለመሆኑ ከውሉ ፊርማ በፊት መታወቅ አለበት።

ከመረጃ ወደ ውሳኔ

መሣሪያው ጤነኛ፣ መረጃውም ትክክለኛ ሆኖ በወቅቱ ደረሰ እንበል። የመጨረሻው እርምጃ ግን አሁንም በሰው እጅ ነው። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ይፋ ያደረጉትና እስከ 2027 እ.ኤ.አ. ድረስ የቅድሚያ ማስጠንቀቂያን ለዓለም ሕዝብ ሁሉ ለማዳረስ ያለመው ዕቅድ አራት ምሰሶዎች አሉት። እነርሱም ስጋትን ማወቅ፣ መከታተልና መተንበይ፣ መልእክቱን ማድረስ፣ እንዲሁም ለእርምጃ መዘጋጀት ናቸው። ኢትዮጵያም ዕቅዱ ቅድሚያ ከሰጣቸው 30 አገሮች አንዷ ነች። መሣሪያና ዳታ ሎገር የሚያገለግሉት ከአራቱ ምሰሶዎች በዋነኛነት አንዱን ብቻ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ነጥቆናል። ልብ የሚነካው ደግሞ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ተሯሩጠው ሲቆፍሩ በሁለተኛው ናዳ የተዋጡ መሆናቸው ነው። ለዕርዳታ ከደረሱት መካከልም መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች እንደሚገኙበት በወቅቱ ከአካባቢው አስተዳደር ተገልጿል። እነዚህ ወገኖች የወደቁት ሰብዓዊ ግዴታቸውን ሲወጡ ነው። በዝናብ የራሰ ተዳፋት አንድ ጊዜ ከተንሸራተተ ዳግም ሊንሸራተት እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ልኬትና ማንም ሰው ከተዳፋቱ በታች እንዳይሰበሰብ የሚያዝ አስቀድሞ የታወቀ ደንብ በየአደገኛው ቀበሌ መኖሩ፣ ወደፊት ለዕርዳታ የሚሮጡትን መምህርና የጤና ባለሙያ ከሞት ይታደጋል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። በቀበሌው ትምህርት ቤት ግቢ የሚተከል የዝናብ መለኪያና የዝናቡን ጥንካሬና ድምር ከተዳፋቱ ሁኔታ ጋር ያገናዘበ የማስጠንቀቂያ ወለል ለመነሻ ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ ብዙውን ጊዜ የሚዘገየው መረጃ በማጣት ሳይሆን ውሳኔ ሰጪ በማጣት ነው። ሕዝብን ከቀዬው በሌሊት ማንቀሳቀስ ከባድ ውሳኔ ነው። አደጋው ሳይደርስ ቢቀር ተጠያቂ እንሆናለን የሚል ስጋትም አለ። በመሆኑም ኃላፊው የበላይ አካል ትእዛዝ ይጠብቃል፤ የበላይ አካሉም ተጨማሪ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ውኃ ግን ስብሰባ እስኪጠራ አይጠብቅም። የድሬዳዋው ጎርፍ የደረሰው ቢሮዎች በተዘጉበት ሌሊት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ይህን ችግር የሚፈታው ውሳኔውን አስቀድሞ፣ በበጋ ወቅት፣ በተረጋጋ መንፈስ መወሰን ነው። በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ዝናቡ ወይም የወንዙ ከፍታ እዚህ መጠን ሲደርስ ማን ለማን ይደውላል፣ ተረኛው ካልተገኘ ማን ይተካዋል፣ በየትኛው ከፍታ ደወል ይደወላል ወይም በድምፅ ማጉያ ይነገራል፣ ሕዝቡ ወደ የትኛው ጉብታ ወይም ትምህርት ቤት ይሄዳል የሚለው በግልጽ ይጻፍ። በወረቀቱ መሠረት ያዘዘ ኃላፊ ጎርፉ ሳይመጣ ቢቀርም እንደማይጠየቅ በጽሑፍ ይረጋገጥለት። ሕዝቡም አንድ ጊዜ ያለምክንያት ተነሣን ብሎ ቀጣዩን ማስጠንቀቂያ እንዳይንቅ፣ ስለ ማስጠንቀቂያው ምንነት በሚያምናቸው የአገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች በኩል፣ በሚናገረው ቋንቋ፣ አስቀድሞ ይነገረው። ልምምድ ያልተደረገበት ዕቅድ ከወረቀትነት አያልፍም።

በየደረጃው ምን ይጠበቃል?

ከላይ የተዘረዘሩት ነጥቦች ሲጠቃለሉ፣ በየደረጃው ላለ አስፈጻሚ አካል የሚደርሰው ድርሻ ግልጽ ነው። የፌዴራል ተቋማት፣ በተለይም የሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩቱ፣ የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴርና የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን፣ በተለያዩ ባለቤቶች የተተከሉ መለኪያዎች መረጃ በአንድ የጥራትና የሰዓት ደረጃ ተቀናጅቶ የሚገኝበትን መንገድ ማጠናከር ይጠበቅባቸዋል። ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች ለጎርፍና ለመሬት መንሸራተት የተጋለጡ ተፋሰሶቻቸውን ለይተው የጥገና ወጪን በመደበኛ በጀታቸው ሊያቅፉ ይገባል። ዩኒቨርሲቲዎች በአቅራቢያቸው ያሉ ጣቢያዎችን ትክክለኛነት በመፈተሽና የጥገና ባለሙያዎችን በማሠልጠን ማገዝ ይችላሉ። ወረዳዎችና ቀበሌዎች ደግሞ የመሣሪያው ጠባቂና የማስጠንቀቂያው የመጨረሻ አድራሾች ናቸው።

በመጨረሻም ለእያንዳንዱ የሥራ ኃላፊ አንድ ቀላል መፈተሻ ማቅረብ ይቻላል። ከክረምቱ መግባት በፊት በኃላፊነት ክልሉ ውስጥ የሚገኝን አንድ ጣቢያ ይምረጥ። በመለኪያው ላይ በአንድ ቆርቆሮ የታወቀ መጠን ያለው ውኃ ቀስ እያለ እንዲፈስ ለባለሙያው ይንገርና ሰዓቱን ይያዝ። ሙከራው የተደረገበት ንባብ ከመደበኛው መዝገብ እንዲለይ ምልክት ይደረግበት። ከዚያም ቁጥሩ ማዕከል የደረሰው መቼ እንደሆነ፣ ማዕከሉ ለማን እንደደወለ፣ የተደወለለት ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቅ እንደሆነ ይጠይቅ። ውኃው ከፈሰሰበት ሰዓት አንሥቶ በወንዙ ዳር ያለችው የመጨረሻዋ ቤት በር እስኪንኳኳ የወሰደው ጊዜ የዚያ አካባቢ እውነተኛ የማስጠንቀቂያ አቅም ነው። ይህ ጊዜ ጎርፉ ከደጋ እስከ ቆላ ከሚወስደው ጊዜ ካጠረ መሣሪያው ተግባሩን ፈጽሟል። ከረዘመ ደግሞ መስመሩ የት ላይ እንደዘገየ ለይቶ ለማስተካከል አመቺው ጊዜ ክረምቱ ሳይገባ ያለው በጋ ነው።